ለሚዜዎች ብዬ የወለወልኩት ቸርኬ

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ባለቤቴ ትመስክር። ምሳ ሲዘገይ እቆጣለሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ሲገባብኝ እቆጣለሁ፣ ዜና እያየሁም ብቻዬን እቆጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬ አጠገብ በርጩማዬን አስጠግቼ ስቀመጥ ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ረጋ እላለሁ። የጎማዎቿን ቸርኬ መወልወል የጀመርኩት ለመኪናዋ ብዬ ነበር፤ በኋላ ለራሴ ጤና ሆነ። ባለቤቴም ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ትሆናለህ ትለኝ ነበር።

መኪናዬ የድሮ ጀርመን ሠራሽ ነች፤ ጥቁር ሰማያዊ። ገና ካዛንቺስ ስንኖር፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ የውጭ ዜጋ ነው የገዛኋት። ቸርኬዎቿ ቀለምም ቬርኒሽም ያልነካቸው፣ ጥርት ያለ አሉሚኒየም ናቸው። እንዲህ ያለ ቸርኬ ካልተንከባከቡት ይቀየማል። ዝናብ ሲመታው፣ ከፍሬን ሸራው የሚወጣው ጥቁር ብናኝ ሲጣበቅበት፣ ዝም ካልከው እንደ አሮጌ ብረት ድስት ይገረጣል። ከያዝከው ግን መስታወት ነው፤ ጢምህን ትላጭበታለህ።

ላቫጆ አልሰጣትም። ላቫጆ ቤት ያሉት ልጆች ሥራ ለማፋጠን አሲድ ቢጤ ይረጩበታል፤ ቆሻሻው በአንዴ እልም ይላል፣ ቸርኬው ግን ብዙ ሳይቆይ ኖራ የተቀባ መስሎ ቁጭ ይላል። እኔ መጀመሪያ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፤ ከመንገድ እንደገባ ትኩሱን ካጠቡት የሳሙናው ምልክት ደርቆ ይቀራል። ከዚያ በለስላሳ ሳሙናና በስፖንጅ፣ የቡሎኖቹን ዙሪያ ደግሞ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ጭረት ካለ ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያጠጣሁ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ቀጥሎ የመወልወያው ቅባት በአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ። ጨርቁ ከሰል እስኪመስል ይጠቁራል፤ አዲስ ሰው ይሄኔ ነው አበላሸሁት ብሎ ደንግጦ የሚተወው፤ እሱ ግን ቆሻሻ አይደለም፣ ራሱ አሉሚኒየሙ ነው። በመጨረሻ የቀረውን ቅባት የሚያነሳልኝ የፊኖ ዱቄት ነው፤ ነስነስ አድርጌ በደረቅ ጨርቅ። ይቺን ዱቄት ከጓዳ ስወስድ ባለቤቴ የምታወርድብኝን እዚህ አልጽፈውም።

ይህን ሁሉ ሳደርግ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነበረ፤ አበልጄ። ካዛንቺስ አንድ ግድግዳ ተጋርተን የኖርን ጎረቤቴ ነው። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳቻት ባለቤቴ ናት፤ እኔም በእሷ በኩል የክርስትና አባቷ ሆንኩ። በሰማንያ ቀኗ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የመጣችው በዚችው መኪና ነው፤ እናቷ ታቅፋት፣ እኔ እየነዳሁ። ያን ቀን ድግሱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይቺ ልጅ ሙሽራ ሆና ከአባቷ ቤት የምትወጣውም በዚችው መኪና ነው ብዬ ቃል ገባሁ። ሞቅ ብሎኝ ነበር፣ አልክድም። ሲበርድልኝም ግን ቃሌን አልረሳሁትም። አበልጄ ተነስቶ አቀፈኝና አሜን አለ።

ልጅቷም ያንን ቃል ይዛው አደገች። ትንሽ ሳለች ቸርኬው ላይ ጎንበስ ብላ ምላሷን ታወጣለች፤ ጉንጯ ተነፍቶ ሲታያት ትንከተከታለች። የትምህርት ቤት ጓደኞቿን እየጎተተች እያመጣች የእኔ የሰርግ መኪና ይቺ ናት እያለች ታሳያቸው ነበር። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ያ ቃል ለእኔ ምን እንደነበረ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

ሰፈሩ ሲፈርስ ተበታተንን። እሱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ እኛ ቂርቆስ ተከራየን። ካዛንቺስን አሁን ብታዩት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፣ መብራት ነው፣ አበባ ነው፤ ያምራል፣ አያምርም አልልም። ግን አንድ ቀን መኪናዬን አቁሜ በራችን የት ጋ እንደነበረ ልገምት ብሞክር አቃተኝ። ከዚያ ሁሉ ጉርብትና የተረፈን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነበር። አበልጄ ከጎተራ ሚኒባስ ይዞ ይመጣል፤ እኔ እወለውላለሁ፣ እሱ ሌላኛው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል። ጨርቅ አይነካም፣ ሱሪዬ ይቆሽሻል ይላል። ግን ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ያመለጠችኝን ቦታ በጣቱ ይጠቁመኛል። በቃ፣ እሱ ሳይጠቁመኝ ያለቀ አይመስለኝም ነበር።

ልጅቷ ስትታጭ ሽማግሌ ፊት ከአባቷ ቀኝ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሙሽራ መኪና ብዙ ጊዜ የወንዱ ወገን ነው የሚያዘጋጀው። አበልጄ ግን፣ እኔ ገና ሳላነሳበት፣ እሱን ጨርሻለሁ፣ የክርስትና አባቷ መኪና ነው ብያቸዋለሁ፣ እሷም ሌላ መኪና አልገባም ብላለች አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ደምበል ጋ ቀይ መብራት ጥሼ ትራፊክ አስቆመኝ። እኔ፣ ያ ቁጡ ሰውዬ፣ ትራፊኩን እየሳቅኩ ልክ ነህ ወንድሜ አልኩት።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። መኪናዋን በክሪክ እያነሳሁ ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ አውልቄ፣ ማንም የማያየውን የውስጥ ገጻቸውን ሳይቀር ወለወልኩ። ባለቤቴ ከመኪናዋ ቀለም ጋር የሚሄድ ከረባት ገዛችልኝ። አበባ የሚያስሩት ሰዎች ሽቦ እንዳይጠቀሙ፣ ሽቦ እንደሚጭር፣ ለአበልጄ ነግሬው ነበር። እሺ፣ በሪባን ብቻ ይሁን እላቸዋለሁ አለኝ።

ሰርጉ ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ አበልጄ በሚኒባስ አልመጣም። ሹፌር በያዘው ትልቅ ነጭ መኪና መጣ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ መኪና ነው። አለቃው ከውጭ ያስመጣው ቸርኬ እንደኔው እርቃኑን ያለ አሉሚኒየም ነበር፤ ላቫጆ ቤት በአሲድ ለብልበውት ፊቱ ሁሉ ለምጽ የወጣበት ይመስላል። ሳየው አንጀቴን በላኝ።

አበልጄ ትከሻዬን ይዞ፣ “ይሄ የሚዜዎቹ ነው። አንተ ፊት ትሄዳለህ፣ ይሄ ከኋላህ ይከተላል። ታዲያ የፊቱ እያብረቀረቀ የኋላው ገርጥቶ ያሳፍራል። እንደው አንድ እጅህን አሳርፍበት፤ ለልጃችን ብለህ” አለኝ።

ለልጃችን አለኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል?

በአሲድ የተለበለበ ቸርኬ ሥራው ጉድ ነው። ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ ወደ ደቃቁ እየተወረደ ነው የሚሠራው፤ አንዱን ከዘለልከው ጭረቱ በኋላ ፀሐይ ላይ ያጋልጥሃል። ጣቶቼ ውሃ በልቷቸው ተጨማደዱ። ቅዳሜው አልበቃኝም፣ በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ቀጠልኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ፣ በሰንበት፣ ያውም ለሚዜ መኪና ይሄን ያህል? አለችኝ። ተይኝ እስቲ አልኳት። አበልጄ ሁለቱንም ቀን አጠገቤ ነበር። እንደ ልማዱ ቁጭ ብሎ፣ እዚህ ጋ ቀርታለች፣ እዚያ ጋ ቀርታለች እያለ በጣቱ ይጠቁመኛል። እንደውም ከወትሮው በላይ ጠቆመኝ። ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየበትና፣ አንተ ሰው እጅህ ይባረክ አለኝ። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የጥር ሰርግ ነበር። ጠዋት ከረባቴን አስሬ፣ ባለቤቴን ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። መስቀል አደባባይ ሯጮቹ ገና ደረጃው ላይ ነበሩ። መንገድ ሲያጥቡ የተረፈ ውሃ ባየሁ ቁጥር ቀስ ብዬ እዞራለሁ፤ ባለቤቴ፣ በዚህ አነዳድህ ለመልሱ ነው የምንደርሰው ብላ ሳቀችብኝ። ጎተራ ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ዘፈኑ ተለቋል። ነጩ መኪና ሕንፃው በር ላይ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች አበባ ለብሷል።

መጀመሪያ ተሳስተው ነው ብዬ አሰብኩ። ወርጄ አበባ የሚያስረውን ሰው፣ ወንድሜ መኪናው ይሄኛው አይደለም፣ የሙሽራዋ መኪና የኔዋ ናት፣ ያኛው የሚዜ ነው አልኩት። ሰውየው ሪባኑን በጥርሱ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በትሕትና፣ የለም ጋሼ፣ እኔ ከመጀመሪያውም የታዘዝኩት ለዚህ ነጭ መኪና ነው አለኝ። አባትየው ሥራውን ሲሰጠው መኪናውን አምጥቶለት፣ ኮፈኑን ለክቶ ነው አበባውን የሠራው። እንደውም ያኔ ቸርኬው አስቀያሚ ነበር፣ እሱን አስወለውላለሁ ብለውኝ ነበር፣ አሳምረው አስወልውለዋል አለኝ።

ክው አልኩ። ከመጀመሪያው! ገና እኔ ጨርቅ ሳልነካ! እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በጣቱ ሲጠቁመኝ፣ እጅህ ይባረክ ሲለኝ፣ ለልጃችን ብለህ ሲለኝ፣ ሁሉንም ያውቅ ነበር። የራሴን ቦታ የሚወስድብኝን መኪና በራሴ እጅ ነው ያስወለወለኝ። ባለቤቴ ከመኪናው ወርዳ ክንዴን ያዘችኝ፤ ስለምታውቀኝ ነው የያዘችኝ።

አበልጄ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። አዲስ ሱፍ ለብሷል፣ ላብ አጥምቆታል። ክርኔን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ያ እኮ የሚዜዎች ነው ብለኸኝ ነበር አልኩት። ነገሩ ተቀያየረ፣ አለቃዬ ነው፣ መኪናዬን ለሙሽራዋ ብሎ ሲሰጠኝ እንዴት እምቢ ልበለው፣ ሰው ፊት ነው፣ አንተ ደግሞ ቤተሰብ ነህ፣ ትረዳኛለህ አለኝ። ዓይኔን አያየኝም፤ ጫማዬን ነው የሚያየው። ቀጥሎ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

“እንደው አንድ ነገር ላስቸግርህ። ወጡ በምን ይሂድ ብለን ስንጨነቅ ነበር። ያንተ መኪና ኋላዋ ሰፊ ነው።”

ደሜ ፈላ። ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ልናገረው አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ከላይ እልልታው ቀለጠ፤ ሴቶቹ ልጅቷን እያለበሷት ነው። ዛሬ እዚህ ብጮህ የምትሰማው እሷ ናት። አፌን ዘጋሁት። ባለቤቴ፣ በቃ ቁልፉን ስጠኝና እኔ ልክፈተው አለችኝ። የዶሮ ወጡን ድስቶች ለጎረምሶች አሸክመው አመጡ። የኋላ ወንበሯ ላይ ማዳበሪያ አነጠፉ፤ እሷ ትቀመጥበታለች ብዬ በነጭ ጨርቅ የሸፈንኩት ወንበር ላይ። እንዳይፈስ ቀስ እያልክ አለኝ አበልጄ። ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ የሰርጉ አጀብ ክላክሱን እያስጮኸ ሲያልፍ ሰማሁት፤ ዞሬ አላየሁም።

አዳራሹ ደምበል አካባቢ ነው። ድስቶቹን በኋላ በር አውርደን መኪናዋን ከአጥሩ ጥግ አቆምኳት። ሙሽሮቹ ፎቶ ተነስተው ሲመጡ የፊት በሩ በመኪና ተጨናንቆ ስለነበር ነጩ መኪና እኛ ካለንበት አጠገብ መጥቶ ቆመ። ልጅቷ ወረደች። ቀሚሷን ሰብስባ ቀጥ ብላ ወደ መኪናዬ መጣች፤ አባቷ ከኋላዋ እየተከተለ ነው። በጥር ፀሐይ ቸርኬዎቼ ዓይን ይወጋሉ። እነሱን አየች፣ ከረባቴን አየች፣ እኔን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው መገረም ብቻ አልነበረም፤ ተቀይማኛለች።

“አባባ፣ መኪናዎ ሞተሩ ተበላሽቶ ነው አልመጣም ያሉት አሉኝ እኮ። ትናንት ነው አባዬ የነገረኝ። ልደውልልዎ ስል አፍሮ ነው፣ አታስጨንቂው አለኝ።”

ከትከሻዋ በላይ አበልጄን አየሁት። አሁን ዓይኔን አየኝ። ልመና ነበረበት። ክንዴን ይዛ የነበረችው ባለቤቴ ለቀቀችኝ፤ ተናገር ማለቷ ነው። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ኩሉ እንዳይፈርስባት ብላ ዓይኗን እያርገበገበች የቆመች ሙሽራ ፊት፣ አባትሽ ዋሽቶሻል ይባላል? በሰርጓ ቀን?

“ተበላሽታ ነበር ልጄ። ጠዋት ነው የተነሳችልኝ፤ አልደረስኩም” አልኳት።

አበልጄ ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ ልጁን በትከሻዋ አቅፎ ወደ አዳራሹ እያዞራት፣ “አላልኩሽም?” አላት።

ብዙ ነገር ይቅር ማለት ይቻላል። ለአለቃው ሲል ያደረገውን ራሱ ውሎ አድሮ ይቅር እለው ነበር መሰለኝ፤ ሰው እንጀራው ላይ ሲመጡበት የሚሠራውን አውቃለሁ። ያቺ አላልኩሽም ግን እስከ አሁን ታቃጥለኛለች። ያን ሁሉ ከሠራብኝ በኋላ ለውሸቱ ምስክር አደረገኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬ ይጠራል፤ አላነሳም። በርጩማዎቹ ዕቃ ቤት ገብተዋል። ክረምቱ መጣ፣ ሄደ። ቸርኬዎቹ ገረጡ። ባለቤቴ፣ ያኔ በዱቄቱ ሰበብ የምትሰድበኝ ሴትዮ፣ አንድ ቅዳሜ ፊኖውን በሳህን ይዛ መጥታ በር ላይ አስቀመጠችልኝ። አየሁትና ተመለስኩ።

አዲስ ሙሽሮች በየዘመዱ ቤት ይጠራሉ፤ የክርስትና አባት ቤት ደግሞ አይቀርም። ዘገየሁ እንጂ ጠራኋቸው። ልጅቷ ከባሏ ጋር መጣች። ስትገባ በር ላይ የቆመችውን መኪና ዞር ብላ አየቻት። ምሳ ከበላን በኋላ በወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ፎቶ አወጣች። ለእናንተ ብለን ነው ያሳጠብነው፣ ከሁሉም የሚያምረው ይሄ ነው አለችን።

ከነጩ መኪና ስትወርድ የተነሳ ነው። ፎቶ አንሺው መሬት ተቀምጦ ነው መሰለኝ ያነሳው፤ ፊት ለፊት ያለው ቸርኬው ነው። ሙሉ ቀሚሷ፣ አበባው፣ ሳቋ ሳይቀር ቸርኬው ውስጥ ይታያል። አንዲት ጭረት የለችበትም። በፎቶው ጥግ፣ ራቅ ብሎ፣ የኔ መኪና ኋላ ትንሽ ይታያል።

“ሳየው እርስዎ ትዝ አሉኝ” አለችኝ። “ትንሽ ሆኜ ምላሴን የማወጣበት ቸርኬ ትዝ አለኝ። አባዬን ማን ነው እንዲህ የወለወለው ብዬ ጠየቅኩት፤ ላቫጆ ነው ያሠራሁት አለኝ።”

ባለቤቴ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አፏን ልትከፍት ስትል፣ ለሙሽራው ለስላሳ ጨምሪለት አልኳት። ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች፣ ቶሎም አልተመለሰችም። ልጅቷ ፎቶውን ሶፋው ላይ አቁማ እንዴት እንደሚሰቀል እያየች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“አባባ፣ አይቆጡኝና፣ መኪናዎን ሳያት አሳዘነችኝ። አሁንማ ይደክምዎታል። ለምን እርስዎም ለዚያ ላቫጆ አይሰጧትም? አድራሻውን ከአባዬ እጠይቅልዎታለሁ።”

“እሺ ልጄ፣ ጠይቂልኝ” አልኳት።